ግማሽ ቶርኖ

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲተክሉ ቶርኖውን ማንቀሳቀስ አልቻሉም። የሟቹ የቦሌ ቡልቡላ ግቢ ጠባብ ነው። ማሽኑ የቆመው መሃሉ ላይ፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ በብሎን ታስሮ ነው፤ ክብደቱም ከአንድ ቶን ያልፋል። አራት ጎልማሶች ትከሻቸውን አስደግፈው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ በሸራ እንደተሸፈነ ድንኳኑን በላዩ ዘረጉበትና አግዳሚ ወንበሮቹን ዙሪያውን ደረደሩ። ከቀብር የተመለሰው ለቀስተኛ ሁሉ ፊቱን ወደ ማሽኑ አድርጎ ተቀመጠ።

«ሬሳው ወጣ ስንል ሌላ ተጋድሞ ጠበቀን» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ወለተማርያም፣ ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሁለት ሴቶች። ሁለቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሰኚ መለየት አልቻለችም።

ሰኚ የሟቹ የጎበና ልጅ ናት። ሥራዋ በአውሮፕላን ማረፊያው የካርጎ ክፍል ያሉት ሚዛኖች በትክክል መመዘናቸውን መመርመር ነው። ከሥራው የወሰደችው ጠባይ ሐዘን ላይም አልተዋትም፤ ዓይኗ ያያል። አንድ ሰው የሻይ ብርጭቆውን ሸራው ላይ ሲያስቀምጥ አየች። ከዚያ ሌላው አስቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ጠረጴዛ ሆነ። ወንድሟ ፊራኦልም አየ። የራሱን ብርጭቆ ጨመረበት።

ወደ ማምሻው፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ፊራኦል ወደ ጓዳ ጠራት። ብረት ገዢዎች ጋ ደውሏል። ከሳልስት በኋላ፣ ድንኳኑ ሲነሳ፣ መጥተው ማሽኑን እዚያው ቆራርጠው ይጭኑታል። ቦታው ላይ ሁለት ክፍል ቤት ይሠራል፤ የሚከራየው ለእናታቸው መተዳደሪያ ይሆናል። ሰኚ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ይቆይ አለችው።

«አርባ ስትይ ሰማንያ ይመጣል፣ ከዚያ ሙት ዓመት» አለ። «የሚሠራ ማሽን ቢሆን እኔም አላስነካውም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ብሎን ቀርጾበታል? ግማሽ ማሽን እኮ ነው፣ ሰኚ። ከዚህ ማሽን አጠገብ ነው ያገኘሁት፣ ስልኩን እንደያዘ።»

ይህን የመጨረሻውን ሲናገር ፊቱን አዞረ። አባታቸውን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያገኘው እሱ ነበር። ስልኩ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚጫረትበት የኢንተርኔት ገጽ ተከፍቶ ነበር። የዋጋ ማስገቢያው ሳጥን ባዶ ነበር።

እናታቸው ጫልቱ ከመኝታ ቤቱ ሁሉንም ሰምታለች። ሰኚ ልትጠይቃት ስትገባ፣ ስለ ማሽኑ እኔን አትጠይቁኝ፣ እናንተ ተስማሙበት አለቻት። ከዚያም ግድግዳውን እያየች፣ ያ ስልክ ባይኖር ግን የት ይውል ነበር አለች፤ ለራሷ እንደምትናገር።

ፊራኦል ግማሽ ያለው ስድብ አልነበረም። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። በአንድ ጫፉ ያለው ራስ ብረቱን ነክሶ ያዞረዋል፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ደጋፊ ራስ ረዘም ያለው ብረት እንዳይወላገድ በሹል ጫፉ ይደግፈዋል። የጎበና ቶርኖ ደጋፊ ራስ አልነበረውም።

ጎበና ዕድሜውን የጨረሰው በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ የሚጎትቱ ተሽከርካሪዎችን ሲጠግን ነው። ጡረታ ሲወጣ ከተማው ከወሰደበት እርሻ የተረፈው ይህ ግቢ ብቻ ነበር፤ እዚያ የራሱን ወርክሾፕ ሊያቆም አሰበ። አዲስ ማሽን አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ንብረታቸውን በኢንተርኔት በሚያጫርቱበት ገጽ ላይ ተቀመጠ። መቀመጥ የሚለው ቃል ልክ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚያድር የሚውል ሆነ።

ችግሩ ገጹ ላይ ዕቃ የሚመዘግቡት ሰዎች ዕቃውን አለማወቃቸው ነበር። ሞርሳን «የብረት መያዣ ከነእጀታው» ይሉታል። ትራፓኖን «ትልቅ መብሻ፣ የቆመ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ጥሩ የመሣሪያ ሣጥን «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት፣ አንድ ክምር» ተብሎ ወጥቷል። ጎበና የእነሱን ቋንቋ ተማረ። በትክክለኛው ስም መፈለግ ትቶ እንደማያውቅ ሰው መፈለግ ጀመረ። ፎቶዎቹ ደግሞ ሁልጊዜ ከጀርባ፣ ሁልጊዜ ከጨለማ ጥግ የተነሱ ናቸው። አንድ ቀን «የተሰባበሩ ወንበሮች» የሚል ፎቶ አጉልቶ ለሰኚ አሳያት። ከወንበሮቹ ኋላ አንድ የክብ እጀታ ጠርዝ ይታያል። የደጋፊ ራስ እጀታ ነው ብሎ ማለ። ወንበሮቹን ተጫርቶ አሸነፈ። ሊረከብ ሲሄድ እጀታው የብስክሌት ፔዳል ሆኖ ተገኘ።

«ምን ላድርግ፣ ወንበር ያስፈልገን ነበር» አለ ተመልሶ። የጨረታ ገጹን እንደገና ከፈተ።

በውጭ አገር ገጾች ላይም ፈልጓል። ልክ የሚፈልገውን የመሰለ ራስ አንድ ጊዜ አገኘ፤ ሻጩ ግን ገዢው ራሱ መጥቶ ካልወሰደው አልልክም አለ። ጎበና ከጣራው በላይ በየቀኑ የሚያልፈውን አውሮፕላን ሁሉ ወደየት እንደሚሄድ ያውቃል። አንድ ሰው የሚሸከመውን ብረት ከዚያ ማምጣት ግን አልሆነለትም።

ከሁሉም የሚያናድደው ግን ሠላሳ አንድ ነበር። ገጹ የተጫራቾችን ስም አያሳይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ሠላሳ አንድ ልክ እንደ ጎበና የተሳሳቱትን ስሞች ያውቃል። ጎበና መዝጊያው ላይ ዋጋ ሲጨምር ሠላሳ አንድም ይጨምራል። ማረጋገጫ ቁጥሩ በቴክስት እስኪመጣ ጨረታው ይዘጋል፤ ከዚያ ቁጥሩ ይመጣል። ጎበና ስልኩን ከፍ አድርጎ «ደረሰ!» ይልና ቤተሰቡን ያስቃል።

ቶርኖውን ግን ከሠላሳ አንድ ነጥቆ አሸንፏል። ሊረከብ መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ነው ደጋፊው ራስ ለብቻው፣ ሌላ ክምር ውስጥ ተመዝግቦ እንደተሸጠ ያወቀው። ገዢው ሠላሳ አንድ ነው። እዚያው በሩ ላይ ተገናኙ። አንተ ሽጥልኝ፣ አንተ ሽጥልኝ ተባባሉ። ማንም አልሸጠም። ሰኚ የሰማችው ይህን ያህል ነው፤ አባቷ የሰውየውን ስም ነግሯት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የማይታወቅ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሸንቀጥ ያለ፣ ስድሳ የሞላው የሚመስል፣ ኮቱ እጅጌ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ቀዳዳዎች ያሉበት ነው። እግዜር ያጽናችሁ ብሎ እጅ ነስቶ ለማሽኑ ቅርብ የሆነው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። የጎበና የሥራ ባልደረቦች ከገጠር የመጣ ዘመድ ነው አሉ። ዘመዶቹ ከአየር ማረፊያው ነው አሉ። እማማ ወለተማርያም ደግሞ፣ ጫልቱን ሊያገባ የነበረው ሰው ሊሆን ይችላል ብለው ሹክ አሉ፤ ከዚያ ራሳቸው አፈሩ።

ምሳ አልበላም። ሻይ ሲሰጡት ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የሌሎቹን ብርጭቆዎችም አንድ በአንድ ከሸራው ላይ እያነሳ አውርዶ፣ ውሃ ያረጠበውን ቦታ በመሐረቡ አደረቀ። ከዚያ እጁን በሸራው ሥር አስገብቶ የማሽኑን አልጋ፣ ራሶቹ የሚያርፉበትን ረጅም ብረት፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ሐኪም ሆድ እንደሚዳስስ። ሰኚ ይህን ካየች በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ውሃ ይዛ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የአባዬን ማሽን ያውቁታል?»

«አብልጬ የማውቀው በፎቶ ነው» አለ። ውሃውን ተቀበለ። «ላጲሶ እባላለሁ፣ ልጄ። ጎሮ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ሠላሳ አንድ እኔ ነኝ።»

ሰኚና ቤተሰቧ ለዚህ ሰው ስንት ጊዜ ክፉ ተመኝተውለታል።

«ማሽኑን ሊገዙ ነው የመጡት?» አለች።

«አይደለም» አለ። «ጎበና በሞተበት ቀን አንድ ጨረታ ነበር። ትራፓኖ ነው። ለእኔ አያስፈልገኝም፤ እሱ እንዳይወስደው ብዬ ነው የገባሁት። ዋጋ ሰጥቼ ጠበቅሁት። ሁልጊዜ ሊዘጋ ሲል ነው የሚመጣው። አልመጣም። ኔትወርክ ነው አልኩ። አሸነፍኩ፤ ደስ አላለኝም። ዕቃውን ልረከብ ስሄድ የመጋዘኑን ጥበቃ ያ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው አልኩት። ጥበቃው የእናንተ እድርተኛ ነው። እሱ ነው የነገረኝ።»

ስለ ደጋፊው ራስ ጠየቀችው። ወርክሾፑ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ዘይት እየቀባ አስቀምጦታል። ለምን እንዳልሸጠለት ሲያስረዳት ዓይኗን አላየም። ጎበና ተስፋ ቆርጦ ቶርኖውን ይሸጥልኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ጎበናም ይኸንኑ እየጠበቀ እንደነበር አሁን ይገባዋል። ሰኚ የብረት ገዢዎቹን ነገር ነገረችው። ላጲሶ የተቀመጠበትን ወንበር ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ።

«ነገ ይዤው እመጣለሁ» አለ። «በነጻ። እንዲቆረጥ ግን አትፍቀዱ።»

ፊራኦል ሲሰማ ተቆጣ። አባቴን ያበሳጨው ሰው ድንኳኔ ውስጥ ውሎ በላ ወይ አለ። አልበላም አለችው። ከረጅም ክርክር በኋላ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ደጋፊው ራስ ከገጠመና ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ ይቆያል፤ ካልሆነ ይጫናል።

የሳልስቱ ጸሎት አልቆ እድርተኞቹ ድንኳኑን ሲፈቱ የብረት ገዢዎቹ አይሱዙ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ጭነቱ በግማሽ ሞልቷል። ላጲሶ በባጃጅ መጣ። ደጋፊውን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል። ፊራኦል ሰላም ሳይለው አንዱን ጎን አንስቶ ረዳው። ሸራውን ገፈፉት፤ ደጋፊውን ራስ አልጋው ላይ አስቀመጡት። ልክ ገባ። ላጲሶ በቀስታ ወደፊት ገፋው፤ ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራተተ። እናታቸው ጫልቱ ከቤት ወጥታ በራፉ ላይ ቆመች።

በሚያሽከረክረው ራስ ላይ አንድ ሹል ጫፍ አለ፤ በደጋፊውም ላይ አንድ። ሁለቱ አፍ ለአፍ መገናኘት አለባቸው። ላጲሶ ገፋው፣ ገፋው። ጫፎቹ ሊነካኩ ሲገባ የደጋፊው ጫፍ ከሌላኛው ሥር አለፈ።

ላጲሶ ወደ ኋላ ስቦ እንደገና ሞከረ። ያው ነው። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

«የዚህ አይደለም» አለ። «የሌላ ማሽን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ማሽን ራስ ነው ያጣላን።»

ትናንት ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ ተጠንቅቆ የተቀመጠው ሰው አለቀሰ። ጫልቱ ከበራፉ ወርዳ መጥታ ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች።

ሰኚ ከአባቷ መሣሪያ ሣጥን ካሊፐሩን አምጥታ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለካች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱም አንድ ናቸው።

«አራት ሚሊሜትር ይጎድላል» አለች።

«ምን ማለት ነው?» አለ ፊራኦል። የጠየቀው እሷን አልነበረም።

ላጲሶ ፊቱን ጠረገ። ደጋፊው ራስ ከሁለት ክፍል በብሎን የተያያዘ ስለሆነ በመሃሉ ጠፍጣፋ ብረት ቢገባ ከፍ እንደሚል አስረዳው። «ከአራት የቀጠነ ግን አይረባም» አለ። «የወፈረ ከሆነ ይሞረዳል። ትዕግሥት ነው የሚፈልገው፤ አርባው እስኪደርስ ያልቃል።»

ፊራኦል ማሽኑን አየ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ። ሰኚ ሰዎቹን ሊያስገባቸው ነው ብላ ካሊፐሩን ጨብጣ ቆመች። የሰማችው ግን ብረት በብረት ላይ ሲገለባበጥ ነው። ከአይሱዙው ክምር ውስጥ አንድ ነገር ይነሳል፣ ይጣላል፤ ሌላ ይነሳል። የብረት ገዢው ሳቅ እያለ «ወንድሜ፣ ልንገዛህ መጥተን ልትገዛን ነው እንዴ?» ሲል ተሰማ። ፊራኦል ምን እንደመለሰ አልተሰማም። ፍለጋው ቀጠለ። ከረጅም ጊዜ በኋላ የአይሱዙው ሞተር ተነስቶ ድምፁ ወደ ዋናው መንገድ ራቀ።

ፊራኦል ሲመለስ መዳፎቹ በዝገት ቀልተዋል። የያዘውን ጠፍጣፋ ብረት ማሽኑ ላይ አላስቀመጠውም። በሁለት እጁ ዘርግቶ እህቱ ፊት ቆመ።

«ለኪው» አላት።

ሰኚ አንደኛውን ጫፍ ራሷ ያዘች። የካሊፐሩን መንጋጋ ገጠመች፣ አነበበች፣ ብረቱን አዙራ በሌላው ጫፍ ደግማ አነበበች።

ውፍረቱ አምስት ሚሊሜትር ነበር።