የእትዬ ሮማን ባጅ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ አረጋውያን ማዕከል ለእድሳት ሦስት ወር ተዘግቶ ሲከፈት፣ እትዬ ሮማን ቤቱን አላወቁትም። ግድግዳው ነጭ ሆኗል፤ ጥግ ላይ የዮጋ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ የማይሄድ ብስክሌትም ተገትሯል። ይሁን፣ ቀለምና ብስክሌት ማንንም አልጎዳም። እሳቸውን ያንገበገባቸው ሌላ ነው።

አዲሷ ኃላፊ ሶሊያና በሩ ላይ ተቀብላቸው ደረታቸው ላይ ባጅ ለጠፈች። «ሮማን» ይላል፣ ሌላ ምንም የለው።

«ሃይ ሮማን፣ ግቢ» አለቻቸው። ከኋላቸው የቆሙትን የሰማንያ ሁለት ዓመት ሰው ጋሽ አድማሱንም «አድማሱ፣ ና» አለቻቸው።

እትዬ ሮማን ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። «ልጄ፣ ምን አልሽኝ?»

«አዲስ ሩል ነው። እትዬ፣ ጋሼ፣ አንቱ የሚባለውን አቁመናል። ስድሳ ምናምን የሆናቸውን ሰርቬይ ስናደርግ፣ ‹እዛ ከመጣን ሽማግሌ እንመስላለን› አሉን። ሶ፣ እነሱ እንዲመጡ ሁሉም በስሙ ይጠራል። ፍሬንድሊ ነው፣ ኦኬ?»

እስቲ ፍረዱ። በስድሳው ሽማግሌ መባል የሚያሳፍረው ሰው እንዳይከፋው፣ የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሰው «አንተ» ይባል ተባለ።

እትዬ ሮማን እርር ድብን አሉ። ሆሊውድ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ክፍል ሲያጸዱ ኖረዋል። እዚያም ደረታቸው ላይ «ሮማን» የሚል ባጅ ነበር። ትናንት የተወለደው ሁሉ ደረታቸውን እያነበበ «ሮማን፣ ፎጣ»፣ «ሮማን፣ ይሄን አንሺ» ይላቸው ነበር። በዚህ ሰፊ ከተማ «እትዬ» የሚባሉበት አንድ ደጃፍ ነበራቸው፤ ይኸው እሱንም አዘመኑላቸው። ያን ቀን ሳይቀመጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ጠዋት ግን መጡ። ደረታቸው ላይ ያደረጉት የማዕከሉን ባጅ ሳይሆን ፊደሉ የደበዘዘውን የሆቴሉን ነው። አዳራሹ ውስጥ ስድስት አዳዲስ ሰዎች ቤቱን ለማየት መጥተው ተቀምጠዋል። እትዬ ሮማን ማንንም ሳያዩ የዕቃ ክፍሉን ከፈቱ፣ ባልዲና መወልወያ አወጡ፣ ከእንግዶቹ እግር ሥር ጎንበስ ብለው ወለሉን ይወለውሉ ጀመር።

ሶሊያና ደንግጣ መጣች። «ሮማን፣ ምን እየሰራሽ ነው?»

«ሥራዬን» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት ደረቴን አንብቦ ሮማን ያለኝ ሁሉ የሚያዘኝ ሥራ ነበረው። አንቺም ጠራሽኝ፣ መጣሁ። ቀጥሎ የቱን ላጽዳ?»

ከእንግዶቹ መሀል አንዱ ከካልቨር ሲቲ የመጣ ዳኒ የሚባል ሰው ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሰርቬዩ ላይ «ጋሼ አትበሉኝ» ብሎ የጻፈው እሱ ነውና እኛም አንልም። ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ለእኔ ይስጡኝ።»

አልሰጡትም። ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ሶሊያናን ብቻ አዩዋት።

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «እትዬ ሮማን» አለች። «ይተዉት። እኔ ልያዘው።»

ያኔ መወልወያውን ሰጧትና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያ ጥግ ይቀራል» አሏት።