አሮጊቷን አትቀስቅሷት

ሰውየው በሩን በርግዶ ሲገባ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከወንበሯ ለመነሳት እንኳ አልደረሰችም። የብረት ዘንግ ይዟል። ትናንት የቆርቆሮ መጭመቂያው ማሽን ሁለት እጁን የጨፈለቀበት ሠራተኛ ታላቅ ወንድም ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ላይ የታናሹ ደም ደርቋል። ማሽኑ ግን ታጥቦ ትናንትናውኑ ሥራ ጀምሯል።

ሸበቶው የፈረቃ አለቃ ሊያረጋጋው ጠጋ ቢል በዘንጉ ጫፍ ደረቱን ተመትቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ምላሱ ግን አልሰነፈም። እጅ ሲገባበት ማሽኑን የሚያስቆመው የኮምፒውተር ፕሮግራም ማሻሻያ ከመጣ ወር እንደሆነው፣ ጭኛለሁ ብላ የፈረመችውም እሷ እንደሆነች ተናገረ። እውነቱን ነበር።

«እስቲ አሳዪኝ፣ የኔ እመቤት» አለ ወንድምየው፣ ዘንጉን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ። «መጫኑን በዓይኔ ልየው።»

የተጫኑትን ማሻሻያዎች ዝርዝር ከፈተች። በየቀናቸው ተደርድረዋል፤ ያኛው የለም። ሌላ ገጽ ላይ አገኘችው፦ ወርዷል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ይጠብቃል።

ማሽኑን የሚያዘው አሮጌ ኮምፒውተር አንዴ ከጠፋ ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ማሽኑም ይቆማል። ስለዚህ አለቃው ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፎ «አሮጊቷን አትቀስቅሷት» ብሎ ጽፎበታል። ሁሉም ይስቅ ነበር። እሷም ስቃለች። መውረዱን አይታ፣ ዝርዝሩን ሳታይ ፈርማለች።

ሁሉንም ነገረችው። የራሷንም አላስቀረችም።

ዘንጉ መጀመሪያ የአለቃው ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ቀኝ እጇ ላይ ወረደ። ሁለት ጣቶቿ ከኪቦርዱ ጋር አብረው ደቀቁ።

ለሦስተኛ ጊዜ አነሳው። ከክፍሉ መስታወት ወዲያ ማሽኑ ዱብ፣ ዱብ ይላል፤ የዛሬው ተረኛ እጁን እያስገባ ያወጣል።

«ያ ሰውዬም ወንድም ይኖረዋል» አለችው። «መጀመሪያ ላጥፋው፤ ከዚያ ምታኝ።»

ዘንጉ አየር ላይ ቆየ። በግራ እጇ ፕላስተሩን ልጣ ማጥፊያውን ተጫነች። ማሽኑ አንዴ አቃሰተና ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ፣ ማሻሻያው እየተጫነ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለ።

«ግማሽ ሰዓት።»

መጫኑን በዓይኑ ሊያይ ወንበር ስቦ፣ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከአጠገቧ ተቀመጠ።