ሚዛኑ ካቺሲ ቀረ

ጅባት አየር መንገድ ሲዘጋ ሥራ አስኪያጁ የሰጠው ምክንያት ዛሬም ያበሳጨኛል። «ካቺሲዎች መንገድ አላቸው» አለ። መንገድ! ከጊንጪ ካቺሲ ያለውን ጭቃ በክረምት ረግጦ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

እኔ ጣቢታ የካቺሲ ሜዳ ትኬት ቆራጭ፣ መዛኝና ከብት አባራሪ ነበርኩ። ድርጅቱን ያቋቋመው የጊንጪው እህል ነጋዴ ኦቦ ቀጀላ ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ገዝቶ ከአዲስ አበባ አምቦ፣ ከአምቦ ካቺሲ ማመላለስ ጀመረ። አምቦዎች ለሠርግ ሳይቀር በአውሮፕላን ሄዱ። የእኛዎቹ ግን ሚዛን ላይ አንወጣም ብለው አስቸገሩኝ፤ «እንደ በግ ልትመዝኚን ነው?» ይሉኛል። ሜዳችን አጭር ስለሆነ ሳይመዘን የሚሳፈር የለም። እኔው ቀድሜ እየወጣሁ አስለመድኳቸው።

ከዚያ ነዳጅ ተወደደ፤ አምቦዎችም ወደ አውቶቡሳቸው ተመለሱ። ኦቦ ቀጀላ ታሞ አልጋ ሲይዝ ሁሉም ነገር በሥራ አስኪያጁ እጅ ገባ። እሱም አውሮፕላኗን ለመሸጥ ተዋዋለ፤ ነሐሴ ላይ ጠረጴዛችንንና ሚዛናችንን ጭኖ ሊወስድ ራሱ መጣ።

የወንድሜ ሚስት ድንቅቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ጤና ጣቢያው፣ አምቦ ሆስፒታል ካልደረሰች እሷም ልጁም አይተርፉም ብሎናል። በቃሬዛ ተሸክመን ሜዳው ድረስ አመጣናት።

«ተሳፋሪ አንጭንም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ድርጅቱ ተዘግቷል።»

«ጠረጴዛ ትጭናለህ፣ ሰው አትጭንም?»

«መኪና ፈልጉ። መንገድ አላችሁ።»

ደሜ ፈላ። ቤቴ ሮጥኩ። እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝን ሲንቄ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ ጣሪያ ሥር ሰክቼው ነበር። ቀጭን በትር ነው፤ ግን ሴቶች እሱን ይዘው ከቆሙ ወንድ አልፏቸው አይሄድም። አወረድኩት። እየጮኽኩ ስመለስ ጎረቤቴ ባየሽ ወጣች፣ ጉዴ ወጣች፣ የገበያው ሴት ሁሉ ሲንቄና እርጥብ ሣር ይዞ ተከተለኝ።

አውሮፕላኗ ሞተር አስነሥታለች። ፊቷ ተደርድረን ቆምን። ነፋሷ ሣራችንን በተነው፣ ነጠላችንን ሊነጥቀን ደረሰ። ፈራሁ፤ ግን አንዳችንም ፈቀቅ አላልንም። ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ «ዝም ብለህ ንዳ፣ እንደ ከብቱ ይሸሻሉ!» ይል እንደነበር በኋላ ሰማን።

አብራሪው ካፒቴን ቶኩማ የጊንጪ ልጅ ነው። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ሣር ነጨና በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ማሎ፣ እባካችሁ እናቶቼ! ሲንቄ ጥሼ የት እገባለሁ? አምጧት።»

«ክብደቱን አትችልም!» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ።

ካፒቴኑ ወደ እኔ ዞረ። «አዴ ጣቢታ፣ ሜዳው ረጥቧል። መዝኚልን።»

ሚዛኑን አወረድን፤ ጠረጴዛውንም አወረድን። ድንቅቱን ከነቃሬዛዋ፣ ቀጥሎ አብራት የምትሄደውን ነርስ መዘንኩ። ካፒቴኑ ደምሮ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንም አንድ ሰው ትርፍ ነው» አለ።

ሁላችንም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርን።

«እኔ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነኝ!»

«ድርጅቱ ተዘግቷል አላልክም?» አለችው ባየሽ።

ማንም አልነካውም። ሲንቄያችንን ይዘን በሩ ሥር ቆምን። ወረደ።

አውሮፕላኗ ጭቃውን እየረጨች ሄዳ ሄዳ፣ ሜዳው ሊያልቅ ሲል ብድግ አለች። ያኔ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ካቺሲ አውሮፕላን አላየችም፤ ድንቅቱ ግን አምቦ ላይ ልጇን ለንሳን በሰላም ተገላገለች። ሥራ አስኪያጁን በበቅሎ አድርገን በጊንጪ መንገድ ሸኘነው። ጭቃው አንድ ጫማውን አስቀርቶበታል አሉ።

ከወራት በኋላ መልእክት ላከብኝ፤ ሚዛኑ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በአስቸኳይ ይመለስ ይላል። እኔ ያን ጊዜ ለንሳን እየመዘንኩበት ነበር።

«መጥተህ ውሰድ በሉት» አልኩ። «መንገድ አለን።»