ሁለት እጅ ቀለም

ፎርማኑ ፕላኑን ገልብጦ እንደያዘ ከአራተኛ ፎቅ እንኳ ይታያል። ቀቢዋ ግድግዳው ላይ በተደገፈው መወጣጫ ርብራብ ላይ ሆና አየችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አለቃ፣ አዙረው» ስትለው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ሕንፃው እሷ የፎርማንነት ፈተና የተፈተነችበት ቢሮ ራሱ ነው፤ በጀርባው አዲስ ክንፍ ቀጥለውለት እሷ ትቀባዋለች። ውጤቱ ደግሞ ከፊት ለፊቱ፣ አራት ሰዓት ላይ ይለጠፋል ተብሏል። በእሷና በዕጣ ፈንታዋ መካከል የቆመው አንድ ሕንፃ ብቻ ነበር፤ እሱንም ራሷ እያሳመረችው።

ሠራተኞቹ «ሽቅብ» ይሏታል፤ ከቁመቷ የተነሣ። ዝናብ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፣ ሌላው ሰው ጋ እስኪደርስ ምሳ ተበልቶ ያልቃል ይላሉ።

ስትፈተን ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ አራተኛ አይፈቀድም። ካለፈች የሚቀጥለውን ሥራ በፎርማንነት ትይዛለች፤ ካላለፈች እስክታረጅ ድረስ ቡሩሽ። ፎርማኑ ጠዋት «ከርብራቡ የወረደ ወደ ቤቱም ይውረድ» ስላለ፣ ውጤቱን እንዲያይላት የላከችው ታናሽ ወንድሟን ነው። ወንድሟ የታክሲ ረዳት ነው። አንድ ቀን መናኸሪያ ላይ «ሞላ!» ብሎ ሲጮህ፣ በሌላ ከተማ ባዶውን ቆሞ የነበረ አውቶቡስ ተነሥቶ ሄደ ይባላል።

ቡሩሹን ነከረች። ብወድቅስ? አለች በልቧ። ደግሞ ወዲያው በራሷ ተናደደች። ማን ነው እኔን የሚጥለኝ? ከወንበር በላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው?

የወንድሟ ድምፅ ሕንፃውን ዞሮ የመጣው ይህን ጊዜ ነው።

«ኧረ እህቴ ወደቀች! ወይኔ እህቴን!»

ግንበኛው ማንኪያውን ጣለ። ብረት ቆራጩ መቁረጫውን ሳያጠፋ ሮጠ። ሁሉም ርብራቡ ሥር ተንጋግተው አሸዋውን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። አንዱ «ጫማዋን አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ፤ የራሱ ጫማ ነበር። ፎርማኑ ፕላኑን አናቱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ።

«ወይኔ ሽቅብ! እንግዲህ ማን ያነብልኛል? ይህን ሕንፃ ያቆመችው እሷ አይደለችም እንዴ? እኔ እኮ በርና መስኮት አልለይም!»

«አይዞህ አለቃ» አለው ግንበኛው እያቀፈው፣ «እሱንስ ሁላችንም እናውቃለን።»

እሷ ከላይ ሆና እስኪበቃት አዳመጠች። የራስን ልቅሶ በቁም መስማት ለሁሉ አይሰጥም።

«የቱ ጋ ነው የወደቅኩት?» አለች በመጨረሻ። «ካገኛችሁኝ ንገሩኝ፣ ወርጄ ላንሣኝ።»

አንገት ሁሉ ቀና አለ። ሊሥቁ ሲሉ ግን ወንድሟ ማዕዘኑን ዞሮ ብቅ አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህት ዓለም፣ በአንድ ነጥብ ነው። በሒሳብ።»

ሹክሹክታው ከሦስት ሰፈር አላለፈም።

የርብራቡን ቋሚ ጨበጠች። አንዷን ነጥብ ወዲያው አወቀቻት። ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሆነ አዲስ ግድግዳ፤ አንድ ሊትር ቀለም ስድስት ካሬ ይሸፍናል፤ ስንት ሊትር ያስፈልጋል? ከፈተናው የወጣው ሁሉ «ሁለት» ሲል ሰምታለች። እሷ አራት ብላ ነው የጻፈችው። አዲስ ግድግዳ አንድ እጅ ቀብቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ምን ዓይነት ቀቢ ነው?

«ቅሬታ የሚቀበለው ማን ነው?»

«ሊዘጉ ነው። በጽሑፍ ብቻ፣ በራሷ በተፈታኟ እጅ ነው የሚሉት። ወረቀት ይዤ ልምጣ?»

ግድግዳውን አየችው። ነጩ ገና አንድ እጅ ነው፤ ሲሚንቶው ከሥሩ ያሳብቃል።

«ወረቀት ይጠበኛል» አለች። «አለቃ! ቀዩን የቀለም ጣሳ በገመድ ላክልኝ።»

ፎርማኑ አፉን ከፈተ። ነገ ርክክብ ነው ሊል ነበር። ዙሪያውን ቢያይ፣ ልቅሶውን የሰማ ሁሉ እሱን እያየ ነው። አፉን ዘግቶ ጣሳውን አሠረ።

እያንዳንዱን ፊደል በገዛ ቁመቷ ልክ ጻፈችው። «ለፈተና ቢሮ። ይህ ግድግዳ አንድ እጅ ተቀብቷል። ዓይን ያለው ይፍረድ። መልሱ አራት ሊትር ነው።» በሕንፃው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ መኪና ቆመ፤ ከኋላው ሌላ ቆመ። ጥሩምባ ያሰማ ግን የለም፤ ሰው እያነበበ ነው።

የመጨረሻውን ነጥብ ስታሳርፍ አጠገቧ ያለው የአሮጌው ክንፍ መስኮት ተከፈተ። ጆሯቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሰኩ ሽማግሌ የፈተና አራሚ ወጣ ብለው፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። አንዴ አልበቃቸውም፤ ደገሙት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ። ወደ ፊደሉ ይሁን ከሥሩ ወደሚታየው ሲሚንቶ አልታወቀም።

«እንዳይነኩት፣ አባቴ» አለች ቀቢዋ፣ ቡሩሹን ሳታወርድ። «ገና እርጥብ ነው።»