ስድስት ዓሣ ለደባርቅ

ዘርፈሽዋል የሳሎኑን ወለል በተረከዟ ረገጥ ረገጥ እያደረገች ስትፈትን፣ ባሏ ዓለምነህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ሆኖ ይታዘባታል። ጣውላው ሲንጣጣ ሰማች። መቶ ሃያ ሊትር ውኃ ከነድንጋዩ የሚችለው በግንቡ በኩል ያለው ሲሚንቶ ብቻ መሆኑን በደብተሯ አሰፈረች። ቦታው ከወንበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁለቱንም ደስ አሰኛቸው።

ደባርቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ዓለምነህ ደግሞ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ከቤት አይወጣም፤ ከዚያ በፊት ግን በየሠርጉና በየተዝካሩ የባሕሩን ሆድ፣ ድንጋይ መስሎ ሕይወት ያለውን ኮራል፣ በመካከሉ የሚሹለከለከውን ዓሣ ሲተርክ የማይሰማው አልነበረም። ሰሚው ብዙ፣ አማኙ ጥቂት ነው። እሷ ታምነዋለች፤ ባሕሩን መልሳ እንደምታሳየውም ሆስፒታል ሳለ ቃል ገብታለታለች። እሱን ወደ ባሕር መውሰድ ስላልተቻለ፣ የቀራት ባሕሩን በመስታወት ገንዳ ወደ ደባርቅ ማምጣት ነበር።

ዕቅዱ ሁለት ወር ፈጀ። ለሌሊቱ ብርድ ማሞቂያ፣ ለውኃው አየር መንፊያ፣ ሞገድ የሚሠራ ፓምፕ፣ ሰማያዊ መብራት፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ ተመረጠ። አዲስ አበባ ያለው የጌጥ ዓሣ ነጋዴ ዕቃውንም ፍጥረቱንም እንደሚያቀርብ ነግሯት፣ ሙሉ ዝርዝሩን እስከ ሐሙስ እንድትልክለት ጠየቃት። ዓለምነህም በበኩሉ ሥራ አልፈታም፤ ገበያ ሰው ልኮ አሞሌ ጨው አስገዝቶ ጠበቃት። አሞሌ የደረቀ ባሕር ነው፣ ውኃ ቢመልሱለት ተመልሶ ባሕር ይሆናል ሲል ተከራከራት። ባሕር ጨው ብቻ እንዳልሆነ፣ ኮራሉም አጥንቱን የሚሠራበት ሌላ ማዕድን እንደሚያሻው አስረዳችውና አሞሌውን ለበጎቹ ሰጠች።

የማያከራክራቸው የዓሣዎቹ ቁጥር ነበር። ዓለምነህ ምጽዋ ላይ ባገለገለባት ጀልባ ከእሱ ሌላ ስድስት ባልደረቦች ነበሩ። ጦርነቱ ሲበትናቸው ማን ወዴት እንደወደቀ አላወቀም። ስለዚህ ዓሣዎቹን በእነሱ ስም ሊጠራቸው ወስኗል፤ ቢጫው ልደቱ ነው፣ ባለጥቁር መስመሩ ገዱ፣ ከድንጋይ ሥር የማይወጣው ሰነፉ ታገኘ። ዘርፈሽዋል የምትመራበት የዓሣ አረባብ መጽሐፍም ለእንዲህ ያለ ገንዳ ስድስት ትንንሽ ዓሣ ይፈቅዳል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ፣ ለቱሪስቶች ምግብ የሚያበስለው ጎረቤታቸው አለነ ሊጠይቃቸው ገባ። እንደ ተቀመጠም ብሶቱን አወጣ። አንዲት እንግዳ የምግብ መጽሐፍ ዘርግታ፣ ባቄላው በአንድ ሰዓት ይበስላል ስትል ሙሉ ቀን ስትሟገተው ውላለች።

“እትዬ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ቆላ ነው፤” አለ። “እላይ አየሩ ስስ ነው፣ ውኃውም ሰነፍ፤ በቅጡ ሳይግል ይፈላል። ባቄላ ደግሞ መጽሐፍ አያነብም።”

ዓለምነህ ሳቀ። ለነጋዴው የሚላከውን ዝርዝር ስትጽፍ የነበረችው ዘርፈሽዋል ግን ብዕሯ ባለበት ቆመ። አየር ሲሳሳ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ውኃው ሲሞቅና ጨው ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ይህን ለስንቱ ተማሪ አስተምራለች! የራሷን ገንዳ ግን ቤቷ ምጽዋ ያለ ይመስል፣ ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ ይዛ ስትነድፍ ከርማለች።

ገጽ ገልጣ እንደገና አሰላች። መብራት ካለ አራት ዓሣ ይኖራል። ባለፈው ወር ግን መብራት ሁለት ጊዜ ቀኑን ሙሉ ጠፍቷል፤ ባትሪውም ከስምንት ሰዓት በላይ አይዘልቅም። እንዲያ ባለ ቀን ሁለት ቢተርፉ ነው። ዝም ብላ ስድስቱን ብታዝ ዓሣዎቹ መምጣቱን ይመጣሉ፤ ከዚያ በስማቸው እየተጠሩ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ዓለምነህ እነዚያን ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ እንዲያጣቸው አልፈለገችም።

“ዓለምነህ፣ ስድስቱ እዚህ አይኖሩም፤” አለችው። “ሁለት ምረጥ።”

ምክንያቱን ሳትሸፋፍን ነገረችው። አለነ ነገሩ የእሱ ጥፋት መስሎት ሊሄድ ተነሣ፤ ዓለምነህ በደኅናው እጁ አስቀመጠው። ከዚያ በግንቡ በኩል ወዳለው ባዶ ቦታ ፊቱን መለሰ።

“ሁለቱን መርጬ አራቱን ምን ልበላቸው? ወዲያኛው ዓለም ላይ ይዘው ይጠይቁኛል።”

“እንግዲያ ምን ይሻላል?” አለች ዘርፈሽዋል።

“አንድ ይሁን። እነሱ እንደ ማኅበር ተራ ይግቡበት። መስከረም ልደቱ ነው፣ ጥቅምት ገዱ፣ ኅዳር ታገኘ... መጋቢት ላይ እንደገና ልደቱ።”

“ስሙ በየወሩ ሲለዋወጥበት ዓሣው ግራ አይጋባም፣ ጋሼ?” አለ አለነ።

“አንተ ደግሞ! ተጠርቶ የመጣ ዓሣ የት አይተሃል?”

ዘርፈሽዋል ወሮቹን በጣቷ ቆጠረች። ስድስቱ በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ደረሳቸው።

“ጳጉሜንስ?” አለችው።

“ጳጉሜን የእኔ ናት። አምስት ቀን ትበቃኛለች።”

“በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች፤” አለች፤ መምህርነቷ አልለቀቃትም። ከዝርዝሩ ላይ ስድስትን ሰርዛ አንድ ጻፈች። ከሥሩም ሁለተኛ አየር መንፊያ ጨመረች።