የሚፈታ ወንበር

ቤተሰቦቿ "ማስመሪያ" ነበር የሚሏት። በልጅነቷ አልጋውንም፣ በሩንም፣ የአባቷንም አፍንጫ ስትለካ ነው ያደገችው፤ እናም የቤት ዕቃ ንድፍ ባለሙያ ስትሆን ማንም አልገረመውም። ከሥራዎቿ ሁሉ አብልጣ የምትኮራው ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በነደፈችው ወንበር ነበር። ዛፍ እንዳይቆረጥ ብላ ከታመቀ ሰጋቱራ፣ ልባሱንም ከተጣለ ፕላስቲክ ከተፈተለ ጨርቅ አሠርታዋለች። አካባቢን የማይጎዳ ወንበር ተብሎ ተሸልሟል። የምስክር ወረቀቱም ቢሮዋ ውስጥ፣ የገባ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ እንዲያየው ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ መጽሔት የወንበሩን ፎቶ ጠየቃትና ካሜራዋን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ወለሉ ላይ ተኮልኩለዋል። ወንበር የሚባል ነገር የለም። ግራ ቢገባት የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቀች። ልጆቹ "እማማ ባልዲ" የሚሏቸው ደርባባ ሴት ናቸው። እሳቸውም በጓሮ በር ይዘዋት ወጡ። ሠላሳ ሁለቱም ወንበሮች ከግንቡ ሥር ተከምረዋል። እግራቸው ውሃ ውስጥ እንደከረመ ዳቦ አብጧል፤ ጨርቃቸው ከመቆሸሹ የተነሳ የድሮ ቀለሙ አይታወቅም።

"ማነው እንዲህ ያደረጋቸው?" አለች ማስመሪያ።

"እኔና ውሃ" አሉ እማማ ባልዲ ረጋ ብለው። "ወለሉን በቀን ሁለቴ እወለውላለሁ። እግራቸው ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። ጨርቁን አውልቄ እንዳላጥበው በማጣበቂያ ተለጥፏል። ይህንን የሠራ ሰው አንድም ቀን መወልወያ ጨብጦ አያውቅም።"

ማስመሪያ "እኔ ነኝ" ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጣ፣ ከክምሩ አንዱን ወንበር አንስታ መኪናዋ ላይ ጫነችና በቀጥታ አናጺ ወደሆኑት አጎቷ ቤት ሄደች።

አጎቷ ያኔ ወንበሩ ሲነደፍ "እስቲ አንድ ጊዜ ልየው" ብለዋት ነበር። እሷም በትሕትና፣ ይህ የዘመኑ ዕቃ ነው፣ እርስዎን አላድክምዎት ብላ አለፈቻቸው። ቂም አልያዙባትም፤ አልረሱትም ግን። አሁን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወንበሩን ገለበጡት፣ አንኳኩት፣ አሸተቱት።

"ይህን የሠራው ሰው ከወንበር ጋር ጠብ አለው እንዴ?" አሉ።

"እኔ እኮ ነኝ፣ ጋሼ።"

"አውቃለሁ። ወረቀቱን ስንቴ አሳይተሽኛል።"

ሳቋ አመለጣት። አጎቷ በዚህኛው ወንበር የተበላሸው አንድ እግር ብቻ እንደሆነ፣ ሁሉም በማጣበቂያ ስለተያያዘ ግን አንድ እግር ሲሞት ወንበሩ አብሮ መቀበሩን አሳዩዋት። ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። የአጎቷ ሚስት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ጆሯቸውን ጥለው ሲያዳምጡ ቆይተዋል።

"እኔ የልጅ ቀሚስ ስሰፋ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ትርፍ እተዋለሁ" አሉ ከበሩ ብቅ ብለው። "ልጅቷ ስታድግ ይለቀቃል። ያንቺ ወንበር ልጅ እንደሚያድግ አልሰማም?"

ማስመሪያ እርሳሷን አወጣች። አጎቷ ግን እርሳሱን ከእጇ ወስደው፣ መጀመሪያ የነገርሽኝን ባለ ባልዲ ሴት ጠይቂ አሏት። እሷም በማግስቱ ተመልሳ ለእማማ ባልዲ እውነቱን ተናገረች። እሳቸው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ስረግምሽ ነው የከረምኩት" አሉ። "ፊትሽን ካየሁ በኋላ ግን እንጃ፣ እርግማኑ እምቢ አለኝ።"

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አራቱም አናጺው ቤት ይሰበሰቡ ጀመር። ክርክሩ ለጉድ ነው። እማማ ባልዲ ለወንበሩ እግር የብረት ጫማ ይሁንለት ሲሉ አጎቷ ወለል ይቧጭራል ብለው ተሟገቱ። በመጨረሻ ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ ጫማ ተሠራለት። አጎቷ እውነተኛ እንጨት ካልሆነ እጄን አላነሳም ቢሉ፣ ማስመሪያ ዛፉስ አለች። እሳቸውም "ሠላሳ ዓመት ያደገ ዛፍ ሦስት ዓመት ብቻ ካገለገለ ግፍ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ካገለገለ ግን ማን ይቆጣናል?" ብለው አፏን አስያዟት። እንጨቱንም ራሳቸው አገኙት፤ በሚፈርስ አሮጌ ትምህርት ቤት ጓሮ የተጣሉ ጠንካራ የበር መቃኖች ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ልባሱን እንደ ትራስ ልብስ የሚወልቅ አደረጉት። ማስመሪያ ደግሞ እግሩ ላይ ሦስት ሦስት ቀዳዳ አስበሳች፤ ብሎኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፣ ወንበሩ ከልጁ ጋር ከፍ ይላል።

የመጀመሪያው ወንበር ሲያልቅ አጎቷ የክብር እንግዳ ሆነው ተቀመጡበት። ብሎኖቹን ያጠበቀ ሰው አልነበረም። እግሮቹ ወደ አራቱ ማዕዘን ቀስ ብለው ተንሸራተቱ፤ እሳቸውም ጀርባቸውን ቀጥ እንዳደረጉ፣ ግርማ ሞገሳቸው ሳይጓደል መሬት ደረሱ። እዚያው እንደተቀመጡ "ይህኛው አላለፈም" ሲሉ ሚስታቸው እስኪያነቡ ሳቁ። ሁለተኛውን እማማ ባልዲ ወር ሙሉ በቀን ሁለቴ እየወለወሉ ፈተኑት። እግሩ አላበጠም።

ሠላሳ ሁለቱ አዳዲስ ወንበሮች ቤተ መጻሕፍቱ ሲገቡ ማስመሪያ ካቻቢቴውንና የመለዋወጫ እግሮቹን ሳጥን ለእማማ ባልዲ አስረከበች። አርባ ቀን ያህል ካለፈ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስለ ሌላ ጉዳይ ደውሎ፣ በነገር መሀል ትናንት ሦስት ልጆች ባንድ ወንበር ላይ ቆመው እግሩን እንደሰበሩት ነገራት። የያዘችውን ጥላ ተነሳች። አጎቷም መጋዝና መሮ ሸክፈው እኔም ካልሄድኩ አሉ።

ሲደርሱ ሠላሳ ሁለቱም ወንበሮች ቆመዋል። የትኛው እንደተሰበረ ለማወቅ አንድ በአንድ ማገላበጥ ነበረባቸው፤ ባንዱ ላይ ብቻ ከሌሎቹ ነጣ ያለ እግር ተገኘ።

"ማን ሠራው?" አለች።

"እኔ ነኛ" አሉ እማማ ባልዲ። "የሰበሩት ልጆች ብሎን እያቀበሉኝ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስን።"

"ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?"

"ምን አድርጊ ብዬ?"

ማስመሪያን መጀመሪያ ትንሽ ቅር አላት፤ ቀጥሎ ደስታው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ፊቷን ሞላው። አጎቷ ሥራ ያላገኘውን መጋዝ ታቅፈው፣ ነጩን እግር በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ ብሎኑ በደንብ መጥበቁን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከመጣችሁ አይቀር" አሉ እማማ ባልዲ ባልዲያቸውን እያስቀመጡ፣ "ጠረጴዛዎቹን ማን እንደሠራቸው አላውቅም፤ እሱንም እየረገምኩት ነው። ኑ እስቲ፣ ከሥር እዩልኝ።"

ሦስቱም ተንበርክከው ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ሁለት ልጆችም ምን እንደጠፋ ሊያዩ ተከትለዋቸው ገቡ።