ዳማና የእትዬ እሙ እጅ

ኤቢሴ ቀራንዮ አካባቢ ፉርሽካና ገለባ ትሸጣለች። ጋሪ ነጂ አረጀብኝ ብሎ አስፋልት ዳር የጣለውን ፈረስ እየጎተተች ግቢ ስታስገባ፣ አከራይዋ እትዬ እሙ ክፉ አልተናገሩም። "ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ይግባ" አሉ። ኤቢሴ ዳማ ብላ ጠራችው፤ የጀርባውን ቁስል እያጠበች፣ ያለውን እያበላች ነፍስ ዘራችበት።

ጣጣው በማለዳ ነበር። እትዬ እሙ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው፣ ወደ መድኃኔዓለም ዞረው ያማትባሉ። እጃቸው ግንባራቸው ሳይደርስ ዳማ ጆሮውን ለጥፎ፣ ገመዱን በጥሶ፣ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ ይዞ ይሮጣል። አንድ ቀን ቢሆን ደንግጦ ነው ይባል ነበር። ሲደጋገም ግን እትዬ እሙ ፊታቸው ጠቆረ።

"ኤቢሴ፣ ይሄ ፈረስ ጤነኛ አይደለም። ከማማተብ የሚሸሽ ምን እንደሆነ ልንገርሽ እንዴ? እስከ ወሩ መጨረሻ አውጪልኝ።"

"እኔን እኮ አይሸሽም፣ እትዬ።"

"አንቺማ መች ታማትቢና!"

እውነታቸውን ነው፤ ኤቢሴ ጴንጤ ናት። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳት። ዳማ ከዚህ ግቢ ከወጣ መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጅብ አለ።

በማግስቱ ውሃ ስታጠጣው፣ የተንሸራተተ ሻሿን ልታስተካክል እጇን አነሳች። ዳማ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ፤ ባልዲው ተገለበጠ። ኤቢሴ እጇ ሻሿ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ከዓይኑ በላይ ያለውን፣ ጸጉር ያላበቀለውን ጠባሳ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። ምስኪን፣ የሚፈራው መስቀሉን ሳይሆን የሚነሳውን እጅ ነው። የተነሳ እጅ ሁሉ አለንጋ ይዞ የሚወርድ ይመስለዋል።

ይህንኑ ለእትዬ እሙ ብትነግራቸው "ሂጂ ወዲያ!" አሏት።

እሷም ሥራዋን ጀመረች። ገመዱን ላላ አድርጋ ትይዝና እጇን እስከ ሆዷ ብቻ ታነሳለች፤ ዳማ ካልሸሸ አውርዳ ፉርሽካ ትሰጠዋለች። ከተርበተበተ እዚያው ቆማ ትጠብቀዋለች። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አፉን ሲያላምጥ ነው የምትቀጥለው። ቀስ እያለ እጇ ደረቷ ደረሰ፣ ከዚያም አገጯ፣ ከዚያም ግንባሯ። የቀረው ማማተቡ ራሱ ነበር። ዙሪያዋን ገላመጠች። ከጸሎት ቤት ሰው ቢያያት ምን ትላለች? "ጌታ ልቤን ያውቃል" አለችና አማተበች። ደግማ ደጋግማ አማተበች።

እትዬ እሙ ለካ በመስኮት ያዩዋት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ መጡና እቅፍ አደረጓት።

"ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! በቃ፣ ፈረሱም ይቀመጥ።"

"አሜን" ማለት ምላሷ ላይ መጣ። አሜን ብትል ዳማ ተረፈ። የሴትዮዋን ዓይን አየችና አልቻለችም።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። የማማትበው ለፈረሱ ብዬ ነው።"

እትዬ እሙ እጃቸውን ሰበሰቡ። እሷንም ዳማንም ተራ በተራ አዩ። ኤቢሴ ዳማን በገዛ አፏ ከግቢ እንዳስወጣችው ገባት፤ ገመዱን ጨብጣ ቆመች።

"ደግሞ እኮ ከቀኝ ነው የምትጀምሪው" አሉ በመጨረሻ። "ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ፈረሱን ስህተት አስተማርሽው። ዞር በይ!"

ዳማ ፊት ቆሙ። እጃቸው ግን ደረታቸው ጋ ሲደርስ ተያዘባቸው። እሳቸውም ፈርተው ነበር።

"ከፍ ያድርጉት፣ እትዬ። ይችላል።"

ከፍ አደረጉት። ዳማ ጆሮውን ቀሰረ፣ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፤ ገመዱ ግን ላላ እንዳለ ነው። እጃቸው ከግንባራቸው ወረደ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ዳማ በረጅሙ ተነፈሰና ፉርሽካ ፍለጋ መዳፋቸውን አሸተተ።

እትዬ እሙ መዳፋቸውን አልሰበሰቡም። በሌላው እጃቸው ጠባሳውን ቀስ ብለው ዳሰሱት።

"ማን ነው እንዲህ አድርጎ የመታህ፣ አንተ?"